ጭሱ ካለቀ በኋላ

«ጭሱ አልቋል፤ አስገቢው።» በሐምሌና በነሐሴ ምሽት በባሕር ዳር ግቢዎች ይህን ያልሰማ ጆሮ አይኖርም። ከሰሉ ደጅ ላይ ተቀጣጥሏል፣ በእርግብግቢት ተራግቧል፣ መጀመሪያ የወጣው ነጭ ጭስ ጠፍቷል፣ ፍሙ ቀልቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምድጃው በጨርቅ ተይዞ ይገባና በሩ ይዘጋል። ሁሉም እንደ ወጉ ሆኗል፤ ያስገባችውም ሴት ተጠንቅቃለች፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቃለች። ሰው የሚገድለው ነገር ግን የሚበረታው ከዚህ በኋላ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህ ወራት የፀሐይ ወራት ናቸው። ሰው የሥጋ መጥበሻውን ይዞ ወደ ሣሩ ይወጣል፣ ማታ ርችት ይተኩሳል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በየዓመቱ ስለ ሁለቱ ያስጠነቅቃሉ። እኛ ዘንድ ወሩ ያው ሆኖ ወቅቱ ክረምት ነው። ዝናቡ እሳቱን ወደ ቤት ያስገባዋል። ቀጥሎ ቡሄ ይመጣል፣ ዘመን ይለወጣል፣ መስቀል ይደርሳል፤ እሳቱ ደግሞ በችቦ፣ በደመራና በርችት ወደ ደጅ ይወጣል። በእነዚህ ወራት ውስጥ በጣና ዳር የሚነደውን እሳት ሁሉ አንድ በአንድ ስመለከተው የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ ዓይን ለእሳት ጥሩ ዳኛ አይደለም። የምንሸሸው ነበልባልና ጭስ ነው፤ የሚጎዳን ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው።

ከከሰሉ እንጀምር። ከሰል ማለት ውሃውና ጭሱ አስቀድሞ የወጣለት እንጨት ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ይተክላሉ፤ ሲደርስ ቆርጠው ይከምሩና በአፈር ሸፍነው ያከስሉታል። አፈሩ አየር ስለሚከለክል እንጨቱ ይግላል እንጂ ነድዶ አመድ አይሆንም። በቅድሚያ እርጥበቱ ይተናል፤ ከዚያ የሚጨሰውና ነበልባል የሚሆነው ነገር ሁሉ ይወጣል፤ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ከሰል እንደ እንጨት የማይጨሰው ጭሱን እዚያው የከሰለበት ቦታ ጨርሶ ስለመጣ ነው። ምድጃ ላይ መጀመሪያ የምናየው ጭስ ከማቀጣጠያው ጭራሮ፣ ሳይከስል ከቀረው እንጨትና በክረምት ኬሻው ውስጥ ከገባው እርጥበት የሚመጣ ነው። ያ ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያስላል፣ ያባርራል። ማባረሩ ደግሞ ጥቅሙ ነው።

ፍሙ ሲቀላ የሚሆነው ሌላ ነው። በምድጃው በር ከሥር የሚገባው አየር መጀመሪያ ያገኘውን ፍም ሲነካ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በሌላ የጋለ ከሰል መካከል ያልፋል። እዚያ ኦክስጅኑ አልቋል፣ ካርቦኑ ግን እንደ ልብ ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ተጨማሪ ካርቦን ይወስድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ከፍሙ በላይ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ሲርገበገብ አይታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁት ይህ ጋዝ ከላይ አዲስ አየር አግኝቶ ሲቃጠል ነው። ሰማያዊው ነበልባል ሲጠፋ ብዙ ሰው እሳቱ እንደ ሰከነ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ከላዩ ሲቀዘቅዝ ወይም ድስት ሲጫንበት ጋዙ መሠራቱን አያቆምም፤ የሚቀረው መቃጠሉ ብቻ ነው። ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል። ለጠዋት እንዲቆይ በአመድ የተዳፈነ ረመጥ ደግሞ አየር ያጠረው ፍም ስለሆነ ከሚወጣው ጋዝ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ድርሻ ከፍ ይላል። ላቀች የሚባለው ምድጃም ከሰል ይቆጥባል፣ ሙቀት ይይዛል፤ ይህን ጋዝ ግን አያስቀርም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አፍንጫ አይነካም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ታክሲ ላይ ተሳፍሮ መውረጃው ቢደርስም የማይወርድ ሰው እንደ ማለት ነው፤ መኪናው ይሄዳል፣ ወንበሩ ሞልቷል፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ግን አይሳፈርም። ልብ ደም ትረጫለች፣ ሳንባ ይተነፍሳል፤ አንጎል ግን ኦክስጅን ያጣል። መታፈን አይሰማም፤ የትንፋሽ ማጠር ስሜት በዋናነት የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲከማች ነውና። የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። በክረምት ይህን የሚሰማው ሰው ጉንፋን ወይም ወባ ጀመረኝ ብሎ ይተኛል። መተኛቱ ነው የሚያሳዝነው፤ ከክፍሉ ቢወጣ ይድን ነበርና።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይረዳል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.16 በመቶ ሲደርስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜም ሊገድል ይችላል። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ያለ የኪራይ ክፍል ውሰዱ፤ 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። በባሕር ዳር ከፍታ ያንን አየር እዚህ መጠን ላይ ለማድረስ 45 ግራም ያህል ጋዝ ይበቃል። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ከ100 ግራም በላይ ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ ክፍሏ በደንብ ከተዘጋች ግማሽ ኪሎ ከሰል፣ ማለትም አንድ ቡና አፍልቶ የሚተርፍ ፍም፣ በቂ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ጂቡቲ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ለምዶታል፤ ቢሆንም ከዚያችው ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወለል ላይ አይተኛም፣ ጣሪያ ላይም አይሰቀልም፤ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ይደባለቃል። ስለዚህ ምድጃውን ጥግ ማስያዝ ወይም አልጋ ላይ ከፍ ብሎ መተኛት አያድንም። ሳህን ሙሉ ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥም አይረዳም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። ጨው መበተን፣ ዕጣን ማጨስ፣ ሎሚ መጣል አንዳቸውም ጋዙን አይነኩትም። ዕጣኑማ እንዲያውም ክፍሉ ደኅና እንደ ሆነ እንዲሰማን ያደርጋል። በር ገርበብ ማድረግስ? ስንት ጣት ቢከፈት እንደሚበቃ የሚነግረን መለኪያ በእጃችን የለም፤ ነፋስ ሲቆም ያው ስንጥቅ ምንም አየር አያስገባም፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ ይዘጋዋል። ቀን ላይ ቡና ሲፈላ ወይም ወጥ ሲሠራ በሩም ትይዩው መስኮትም ወለል ብለው ይከፈቱ፤ ይሻላል የምለው ግን በረንዳው ነው። የባሕር ዳር ቤቶች ብዙዎቹ ከዝናብ የሚከልል የቆርቆሮ ጥላ ከደጅ አላቸው፤ ረከቦቱም ጀበናውም እዚያ ይስማማቸዋል። ማታ ግን ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፍም ይደር የሚባልበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። ልብስ ማድረቅም፣ ቤት ማሞቅም፣ ረመጥ ማቆየትም ምክንያት አይሆንም።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የማስበው ስለ አራስ ቤት ነው። አራስ እንዳይበርዳት መስኮቱ ይዘጋል፣ ስንጥቁ በጨርቅ ይወተፋል፣ ምድጃ ይገባል፤ ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው። የሕፃን ትንፋሽ ፈጣን ነው፤ ሰውነቱ በትንሽነቱ ልክ ከትልቅ ሰው በላይ አየር ይስባል። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ የፅንሱ ደም ይህን ጋዝ ከእናቱ ደም በበለጠ ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል፤ እናቲቱ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ስትድን ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ለአራስ ሙቀት ከብርድ ልብስ፣ ከካልሲ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስና ከእናት ገላ ይገኛል። ከአራስ ቀጥሎ የሚያሳስቡኝ የግቢ ጥበቃዎች ናቸው። ሁለት ሜትር በማትሞላ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በዝናብ ሌሊት፣ እግራቸው ሥር ምድጃ ይዘው ያድራሉ። አሠሪ የሆነ ሰው ወፍራም ካፖርትና ደረቅ ቦት ጫማ ቢገዛላቸው ምድጃውን ይተውታል።

አንድ ሰው በከሰል ተመትቶ ቢገኝ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን በርግዶ እሱን ወደ ደጅ ማውጣት ነው። ትንፋሽ ይዞ ገብቶ ጎትቶ መውጣት እንጂ ውስጥ ቆሞ ምን እንደ ነካው መመርመር ሁለተኛ ሰው ያስወድቃል። ብዙዎች አብረው ተኝተው ከሆነ የሚናገረውንም አውጡት፤ የሚናገር ሰው ደኅና ነው ማለት አይደለም። የማይተነፍስ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ትንፋሽ ይስጠው። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የተሰጠ ወተት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ሰው ተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ያለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። ስለዚህ ጊዜ ሳይጠፋ ኦክስጅን ወዳለበት፣ እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ወዳለ ሆስፒታል መውሰድ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ስትደርሱ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ የተያዘውን ደም ከጤነኛው አይለይም፤ ሰውየው እየሞተ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የዳነ ሰው ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ ጠባይ መለወጥ ወይም አካሄድ መበላሸት ቢታይበት ተመልሶ ይታይ፤ የዘገየ የአንጎል ጉዳት አለና።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሲያትልና አካባቢዋ በማዕበል መብራት ሲያጡ የከሰል መጥበሻቸውን ወደ ቤት ያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች፣ በተለይ ከሌላ አገር የመጡ፣ በዚሁ ጋዝ ተመትተዋል። በየካቲት 2021 በቴክሳሱ ብርድ ወቅት ደግሞ ሂውስተን ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ልጇ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ ከነበረ መኪና በወጣ ጋዝ ሕይወታቸው አልፏል። እዚያ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ይህን ጋዝ ለይቶ የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ካለ እሱን በሉት። የጭስ ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ይህን ጋዝ አያውቀውም።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንውጣ። ደጅ ላይ ጋዙ ይበተናል፤ በፈንታው የዘይት አደጋ ይመጣል። አሳ ጥብስ ለሚሠራ ሰው ጠላቱ ውሃ ነው፤ የጣና ቀረሶ ደግሞ ከታጠበ፣ ከተበጣና ጨው ከተነሰነሰበት በኋላ እንደ ገና ያላበዋል፤ ጨው ውሃውን ከሥጋው ይስበዋልና። መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ይሞቃል። የውሃ ጠብታ ከዘይት ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ሥር ደርሶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ከጠብታው 1,700 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ያንን ቦታ የሚያገኘው ዘይቱን ወደ ፊትና ወደ ክንድ በመወርወር ነው። ስለዚህ አሳው ጨው ከተደረገበት በኋላ እንደ ገና በጨርቅ ይደረቅ፤ ዱቄት ቢነካ ይሻላል፤ ሲገባ ጭራው ወደ ጠባሹ ሳይሆን ወደ ማዶ ይዘንበል፤ ዘይቱም ከመጥበሻው ግማሽ አይለፍ።

የከሰል ምድጃ ከጋዝና ከኤሌክትሪክ የሚለይበት አንድ ነገር እሳቱን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነው። ዘይቱ ሲበዛበት ያለን ምርጫ ድስቱን ማንሣት ይመስለናል፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለውም የፈላ ዘይት ሲያነሣ ነው። ከመጀመሪያው ፍሙን ወደ አንድ ወገን መቆለልና ሌላውን ወገን ባዶ መተው ጥሩ ዘዴ ነው፤ መጥበሻውን ሳያነሡ ገፋ በማድረግ ሙቀቱን መቀነስ ይቻላል። የምድጃውን በር መዝጋትም አየሩን ስለሚያስቀር እሳቱን ያደክመዋል። ዘይት ከመንደዱ በፊት ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ እሱን ማየት ማለት አሁኑኑ ከሙቀቱ ፈቀቅ አድርገው ማለት ነው። ከነደደ ግን አትንኩት፣ አታንሡት፣ ውሃ አታፍስሱበት። ውሃው ከሥር ገብቶ እንፋሎት ሲሆን የሚነደውን ዘይት በትኖ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ የመጥበሻ እሳት የነበረው የጥላው እሳት ይሆናል። ክዳን፣ ክዳን ከሌለ አክንባሎ ከጎን አንሸራትቶ መክደን ይበቃል። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ከዚያ ሳይቸኩሉ መጠበቅ ነው፤ ዘይቱ ገና ሲግል ክዳኑ ቢነሣ አየር አግኝቶ እንደ ገና ይነድዳል።

በሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነው። ፍንጣሪውን ይዞ ወደ ሣር ክዳንና ወደ ደረቀ የደንገል ጥላ ይሄዳል። ምድጃው ከጥላው በስተ ከተማ በኩል ቢቆም ፍንጣሪው ወደ ባዶ ይሄዳል። ክረምት ያራሰው ከሰል ደግሞ ይንጣጣል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ከሰሉን ሲሰነጥቀው ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ጫፉን ወገቧ ላይ አጥብቃ ትሰር፤ ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ ናይለን ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ አጠገብ ይኑር። ሐይቁ አሥር እርምጃ ላይ እያለ ለምን? ቃጠሎ ቢደርስ ቦታው ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲፈስበት ነው፤ የጣና ዳርቻ ውሃ ብልሃርዝያ አለበት፣ ለተላጠ ቆዳም አይሆንም። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ማር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ቅቤ የሚባሉት ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ይቆልፋሉ፤ በኋላ ሐኪም ቤት ሲላቀቁም ቆዳውን ይዘው ይነሣሉ።

ስለ ቤንዚን አጠር አድርጌ የምናገረው ሁሉም አደገኛነቱን ስለሚያውቅ ነው፤ የማይታወቀው አካሄዱ ነው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን በጀሪካንና በውሃ ላስቲክ የተገዛ ቤንዚን አልጋ ሥር ወይም ማድ ቤት ይቀመጣል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚነድ ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ሦስትና አራት ጊዜ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሳባል። የከሰሉ ጋዝ ክፍሉን ሲሞላ ይኸኛው በበር ሥር አልፎ በረንዳ ላይ ያለውን ምድጃ ፈልጎ ይደርሳል፣ እዚያ ይያያዝና በመጣበት መንገድ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። ከሰል ለማቀጣጠል ነጭ ጋዝ የሚሻል ይመስላል፤ ቀዝቃዛ ከሰል ላይ ሲደረግ እውነት ነው። «አልያያዝ አለኝ» ብሎ ግማሽ ፍም የሆነ ከሰል ላይ መጨመር ግን ሌላ ነው። ፍሙ ጋዙን ወደ ነጭ ትነት ይለውጠዋል፤ ትነቱ ባንድ ጊዜ ቦግ ይላል፤ ነበልባሉም የሚፈሰውን መስመር ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይወጣል። እርጥብ ከሰል የሚፈልገው ደረቅ ጭራሮና ትዕግሥት ነው።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ በዋዜማው ጅራፍ ይጮኻል፣ ችቦ ይበራል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማም ችቦ አለ። መስከረም 16 እና 17 ደመራና መስቀል ነው፤ ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል የመዘገበው በዓል ነው። ልጆች እነዚህን ሌሊቶች ዓመቱን ሙሉ ይጠብቋቸዋልና «ተዉ» የሚለው ምክር አይሠራም፤ ተገቢም አይመስለኝም። ችቦው ግን ከልጁ ቁመት አይብለጥ፤ ሲይዘው ወደ ፊት ያዘንብለው እንጂ ቀጥ አድርጎ ራሱ ላይ አያቁመው፤ ፍንጣሪው እጅጌ ውስጥ ይገባል። በተከመረው ችቦ ላይ የሚዘሉ ልጆች አንድ በአንድ፣ ሁሉም ከአንድ አቅጣጫ ይዝለሉ፤ ሁለት ልጆች ከሁለት ወገን ሲዘሉ መሐል ላይ ይጋጫሉ። ደመራው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ መመልከት የበዓሉ ወግ ነው፤ ለዚያ ወግ የሚመጥነው ርቀት የደመራው ቁመት ተኩል ነው። በማግስቱ ትርኳሹን ለማንሣትና ግንባር ላይ ለማማተብ የሚጎነበስ ሰው በእጁ ከመዝገን በፊት በእንጨት ይቆፍር። ነጩ አመድ ሙቀትን በደንብ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ፍም ጠዋት ዝናብ ወርዶበት እንኳ ቀልቶ ሊገኝ ይችላል።

ርችት ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። በውስጡ ያለው ባሩድ 75 በመቶ ናይትሬት የሚባል ጨው፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ከሰሉ ያው የምናውቀው ከሰል ነው፤ ናይትሬቱ ግን ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ይመጣል። የዘይቱን እሳት በክዳን አፈንነው፤ ይህን ግን ማፈን አይቻልም። አሸዋ ቢለብስ፣ ቢረገጥ፣ እጅ ውስጥ ቢጨበጥ አየሩ ከራሱ ጋር ስለሆነ ይነድዳል፤ መታፈኑ እንዲያውም ፍንዳታ ያደርገዋል። ልጆች ዘንድ ደኅና የሚመስለው በቀጭን ሽቦ ላይ የተለበጠው የሚንፈነጠረው ዓይነት ነው፤ ከዋክብቱ ቆዳ ላይ ሲያርፉ ኢምንት ስለሆኑ ብዙም አያቃጥሉም። ሽቦው ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ብልጭታው ካለቀ በኋላ ቅላቱ ጠፍቶ ግራጫ ሲሆን ገና ሥጋ ይጠብሳል። ልጁ የሚጥለውም ያኔ ነው፣ ታናሽ እኅቱ ባዶ እግሯን የምትረግጠውም ያኔ ነው። ባልዲ ውሃ አጠገብ ይኑር፤ እያንዳንዱ ሽቦ ሲያልቅ መሬት ላይ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ይግባ።

የሚጮኸውንና የሚወነጨፈውን ዓይነት በተመለከተ በባሕር ዳር ሌላ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ፖሊስ በመስከረም በዓላት ሰሞን ርችት እንዳይተኮስ በተደጋጋሚ ያሳስባል። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ፣ ቤት ውስጥ የተደበቀ አዛውንት፣ መሣሪያ ይዞ የቆመ የጸጥታ ሰው በየሰፈሩ አለ። በጨለማ የፈነዳ ርችት ማን ምን ብሎ እንደሚሰማው፣ ምንስ ብሎ እንደሚመልስ የተኮሰው ልጅ አያውቅም። እኔ ልጄን አላስተኩስም። ለሚያስተኩስ ቤተሰብ ግን ይህን እላለሁ፦ ለኩሰውት ያልፈነዳ ርችት ቢኖር ሁለተኛ አይለኮስም፣ ተጎንብሶም አይታይም። ክሩ ውስጥ ውስጡን ሊነድ ይችላልና 20 ደቂቃ ማንም አይጠጋው፤ ከዚያ ከሩቅ ውሃ ይፍሰስበት፣ በረጅም እንጨት ወደ ባልዲው ይገፋ፣ ሌሊቱንም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይደር።